ሌንሱ ጥርት አድርጎ እያነሳ ፎቶግራፉ ለምን ጠፍጣፋ ይሆናል?

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂው በ35 ሚሊሜትር ፊልም በሚሠራ ኤስኤልአር ካሜራ (ሲጫኑት በሚነሣ ተንጸባራቂ መስታወት አማካይነት በሌንሱ ራሱ የሚታይበት) እና በ50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ፣ እስከ ኤፍ 1.8 ከፍተው (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት የሰው ፊት ያነሳሉ። በመመልከቻው መካከል ባለችው ክብ ዓይኑ ላይ ፎከስ ካደረጉ በኋላ ካሜራውን ጥቂት ዘወር አድርገው ፍሬሙን ያስተካክሉና ይጫናሉ። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ዓይኑ ለስለስ ብሎ፣ ከጆሮው ፊት ያለው ፀጉር ግን ጥርት ብሎ ያገኙታል፤ ከጀርባ ያለው ሁሉ ደብዝዞም ምስሉ «ጠፍጣፋ» ይሆንባቸዋል። አፐርቸሩን እስከ ኤፍ 22 ሲዘጉትም የጠበቁትን ያህል አልጠራላቸውም። የወዳጃቸው አሮጌ ካሜራ ግን፣ ሁለት ሌንስ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች የተገጠመለትና የሚያነሳው ሌንስ አራት መስታወት ብቻ ያለው ሆኖ ሳለ፣ «እጅ ቢሰዱበት የሚያስገባ የሚመስል» ጥልቀት ይሰጣል። ስለዚህ የተሻለና ውድ የሆነ ሌንስ ልግዛ ወይ ሲሉ ይጠይቃሉ።

ለአሁኑ አይግዙ እላለሁ። ምክንያቱን ከማስረዳቴ በፊት ግን አንድ የቃል ጉዳይ መለየት ይኖርብኛል። በአማርኛ «ጥራት» ስንል ጠራ ከሚለው የመጣውን፣ የውሃንና የሰማይን መጥራት እናነሳለን፤ በዚያው ቃል ደግሞ የዕቃን ደረጃ እንመዝናለን። በእኛ ሙያ ይህ መደራረብ ብዙ ሰው ያለአግባብ ገንዘብ እንዲያወጣ አድርጓል፤ «ጥራት ያለው ሌንስ» የተባለ ሁሉ «ጥርት ያለ ምስል» የሚሰጥ ይመስላልና። ከዚህ በታች የማወራው ስለ መጀመሪያው ትርጉም ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በውስጡ ሁለት ነገር አለ።

አንደኛው ሌንሱ ምን ያህል ቀጭን ዝርዝር ለይቶ ፊልሙ ላይ ያሳርፋል የሚለው ሲሆን፣ የሚለካውም በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ ስንት ጥንድ ጥቁርና ነጭ መስመር ሳይቀላቀል ይታያል በሚል ነው። ሁለተኛው ኮንትራስት ነው፤ ማለትም እነዚያ መስመሮች ፊልሙ ላይ ሲያርፉ ጥቁሩ ምን ያህል ጥቁር፣ ነጩስ ምን ያህል ነጭ ሆኖ ቀረ የሚለው። አንድ ሌንስ እጅግ ቀጭኑን መስመር እየለየ፣ ነገር ግን ሁሉን ወደ ግራጫ አቅርቦ ሲያሳርፈው፣ ዓይናችን ምስሉን «ለስላሳ» ይለዋል። ሌላው ደግሞ ቀጭኑን መስመር ጨርሶ ባይለየውም መካከለኛውን በጠንካራ ኮንትራስት ካስቀመጠው «እንደ ምላጭ» ነው እንላለን።

ዓይን ተታሎ አይደለም። 24 በ36 ሚሊሜትር የሆነውን ኔጋቲቭ ስምንት እጥፍ አጉልተን ስናትም፣ ኔጋቲቩ ላይ በሚሊሜትር 40 ጥንድ የነበረው መስመር ወረቀቱ ላይ 5 ጥንድ ይሆናል፤ ወረቀቱን በ25 ሴንቲሜትር ርቀት ይዞ የሚመለከት ጤናማ ዓይን የመለየት አቅሙ የሚያበቃውም በዚሁ አካባቢ ነው። ኔጋቲቩ ላይ 10 ጥንድ የነበረው ግን ወረቀቱ ላይ ከአንድ ጥንድ ጥቂት በለጥ ይላል፤ የከንፈር ጠርዝ፣ የቅንድብ ጥላ፣ የአንገትጌ ስፌት የሚሣሉት በዚህ መጠን ነው፤ ፊትን ፊት አድርጎ የሚያሳየንም ይኸው መጠን ነው። ሌንስ ሠሪዎች የሚያወጡትን የኤምቲኤፍ ግራፍ፣ ማለትም በየመስመሩ ቅጥነት ምን ያህል ኮንትራስት እንደሚቀር የሚያሳየውን፣ ስመለከት ከ40ው መስመር ይልቅ የ10ሩን ቁመት አስቀድሜ የማየው ለዚህ ነው።

ኮንትራስትን የሚበላው ዋነኛ ነገር በሌንሱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው ብርሃን ነው። ምንም ያልተቀባ መስታወት አየር በሚነካው በእያንዳንዱ ገጹ ላይ ከሚደርሰው ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ፓውል ሩዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1896 ለጀርመኑ ሌንስ ሠሪ ለዛይስ የነደፈው ፕላናር ስድስት መስታወቶች በአራት ቡድን የተደረደሩበት፣ አየር የሚነኩ ስምንት ገጾች የነበሩት ሌንስ ነው፤ ስምንቱን አልፎ እስኪወጣ ድረስ ከገባው ብርሃን ከሩብ የሚበልጠው በመንገድ ይቀራል። ብርሃኑ መቀነሱ ብዙ አያሳስብም፤ የሚያሳስበው ከተመለሰው ውስጥ ከፊሉ እንደገና ተንጸባርቆ ጥላው ላይ እንደ ስስ ጭጋግ መውደቁ ነው። ያው ሩዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1902 ያወጣው ቴሳር አራት መስታወት በሦስት ቡድን ብቻ ስላለው ገጾቹ ስድስት ናቸው፤ ስለዚህም በንድፉ ቀለል ያለ ሆኖ ሳለ ደማቅ ምስል በመስጠቱ በእጅጉ ተስፋፋ። የዛይሱ አሌክሳንደር ስማኩላ እ.ኤ.አ. በ1935 መስታወትን በስስ ንጣፍ የመቀባትን ዘዴ ካስገኘ በኋላ ነው የፕላናር ዘር የሆኑ ሌንሶች መንገዱ በሰፊው የተከፈተላቸው፤ ዛሬ በእጃችን ያሉት የ50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንሶች ከሞላ ጎደል የዚያ ዘር ናቸው። የወዳጅዎ ሌንስ መስታወቱ ማነሱ እንግዲህ በራሱ ጉድለት አይደለም። የእርስዎን ሌንስ ግን ከኋላው በእጅ ባትሪ እያበሩ ይመልከቱት፤ በመስታወቶቹ መካከል የዘይት ጉም ወይም የሻጋታ ክር ከታየ፣ የትኛውም ንድፍ ቢሆን ኮንትራስቱ አልቋል ማለት ነውና ማስጸዳት ይቀድማል።

አሁን ወደ ዓይኑና ወደ ጆሮው ልመለስ። ሌንስ ፍጹም አጥርቶ የሚያሳርፈው አንድን ጠለል ብቻ ነው፤ ከዚያ ጠለል ፊትና ኋላ ያለ ነጥብ ሁሉ ፊልሙ ላይ ሲያርፍ ክብ ይሆናል። ክቡ ትንሽ እስከሆነ ድረስ ዓይን እንደ ነጥብ ይቀበለዋል። ለ35 ሚሊሜትር ፊልም በተለምዶ የተያዘው ወሰን 0.03 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ስምንት እጥፍ ሲጎላ ሩብ ሚሊሜትር ያህል ይሆናል፤ ከዚያ ከበለጠ ብዥታው ይታወቃል። በሌንስዎ ቀለበት ላይ የተቀረጸው፣ ከየት እስከ የት ጥርት ብሎ እንደሚታይ የሚያሳየው የጥልቀት መለኪያም በአብዛኛው የተሠራው በዚህ ግምት ስለሆነ፣ ምስሉን አሥራ ስድስት እጥፍ ለማጉላት ያሰበ ሰው መለኪያውን እንዳለ ቢያምነው ይጎዳል።

በዚህ ወሰን ስናሰላ፣ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ በኤፍ 1.8፣ ከ1.5 ሜትር ርቀት ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት በድምሩ ከ9 ሴንቲሜትር ጥቂት በለጥ ቢል ነው፤ ከፎከሱ ጠለል ወደ እርስዎ 4.5፣ ወደ ኋላ ደግሞ ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ። ካሜራውን ዘወር ሲያደርጉት ይህ ጠለል አብሮ ይዞራል። 15 ዲግሪ ብቻ ቢያዞሩት፣ መጀመሪያ በ1.5 ሜትር ላይ የነበረው ዓይን ከካሜራው ፊት አንጻር ሲለካ ወደ 1.45 ሜትር ይጠጋል፤ ፎከሱ ግን አሁንም 1.5 ላይ ነው። የ5 ሴንቲሜትር ልዩነት ተፈጠረ፤ ወደ እርስዎ በኩል ያለው ወሰን ደግሞ 4.5 ነበር። ከዓይን 5 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ያለው ያ ከጆሮ ፊት ያለው ፀጉር ነው። ሌንስዎ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል።

መድኃኒቱ ከወጪ ነፃ ነው። ፍሬሙን አስቀድመው ያስተካክሉና፣ በመካከለኛዋ ክብ ሳይሆን በዙሪያዋ ባለው የደበዘዘ የመስታወት ገጽ ላይ፣ ዓይኑ በሚያርፍበት ቦታ ፎከስ ያድርጉ። መጀመሪያ ላይ አስቸጋሪ ነው፤ እጅ እስኪለምደው አንድ ሁለት ፊልም ይበላል። እስከዚያው ኤፍ 4 ላይ ቢሠሩ ጥልቀቱ ወደ 21 ሴንቲሜትር፣ ኤፍ 5.6 ላይ ደግሞ ወደ 30 ሴንቲሜትር ይሰፋልና ስሕተቱ ይሸፈንልዎታል። በዚያ ላይ ማንኛውም ፈጣን (ቀዳዳው እጅግ የሚሰፋ) ሌንስ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ከመስታወቱ ዳር የሚያልፈው ጨረር ከመካከሉ ጨረር ጋር በአንድ ቦታ ስለማይገናኝ የመጋረጃ ያህል ስስ ብርሃን በዝርዝሩ ላይ ያለብሳል፤ ሁለት ደረጃ ሲዘጉት ያ መጋረጃ ይገፈፋል።

ታዲያ መዝጋት ይህን ያህል ከጠቀመ ኤፍ 22 ለምን አላጠራም? ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል፤ የአንድ ነጥብ ምስልም ፊልሙ ላይ ትንሽ ክብ ይሆናል። የክቡ ስፋት የኤፍ ቁጥሩን ተከትሎ ያድጋል፦ በአረንጓዴ ብርሃን ኤፍ 8 ላይ 0.011 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 16 ላይ 0.021፣ ኤፍ 22 ላይ ደግሞ 0.03 ሚሊሜትር ገደማ። የመጨረሻው ቁጥር ከላይ የብዥታ ወሰን ያልነው ራሱ ነው። ኤፍ 22 ላይ እንግዲህ ፎከስ የተደረገበት ዓይን ሳይቀር የወሰኑ ጫፍ ላይ ቆሟል፤ ጥልቀቱ ሰፍቷል፣ በጥልቀቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ግን እኩል ፈዝዟል። የሹተሩ ፍጥነት በዚያው ልክ ስለሚወርድ የእጅ መንቀጥቀጥ ይጨመርበታል፤ እንዲያውም በተግባር የማያቸው በኤፍ 22 የተነሡ ብዥ ያሉ ኔጋቲቮች አብዛኞቹ የተበላሹት በእጅ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀርብልኝ መከራከሪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1932 አንሰል አዳምስ፣ ኤድዋርድ ዌስተንና ኢሞጀን ካኒንግሃም ያሉበት የካሊፎርኒያ ፎቶግራፍ አንሺዎች ስብስብ ራሱን ኤፍ 64 ብሎ የሰየመው የጥርት ማለት ምልክት አድርጎ አይደለም ወይ ይሉኛል። ነው። ነገር ግን 20 በ25 ሴንቲሜትር በሚሆን ትልቅ ፊልም ላይ ይሠራ የነበረ ሰው ኔጋቲቩን ወረቀት ላይ አስተኝቶ ያለ ምንም ማጉላት ሊያትም ይችላል፤ ኤፍ 64 የሚፈጥረው የ0.09 ሚሊሜትር ክብ እንዳለ ይቀራል፣ ዓይንም አያየውም። ያው ክብ በእርስዎ ፊልም ላይ ስምንት እጥፍ ቢጎላ 0.7 ሚሊሜትር ይሆናል። የቀዳዳውን ትክክለኛ ስፋት ካሰላንም፣ 300 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፍ 64 ቀዳዳው 4.7 ሚሊሜትር ነው፤ የእርስዎ 50 ሚሊሜትር በኤፍ 11 ደግሞ 4.5። እነሱ በኤፍ 64 ያገኙትን ጥልቀት እርስዎ በኤፍ 11 ያገኙታል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የወዳጅዎ ካሜራ ነው፤ እኔም በጥያቄው ውስጥ ትልቁን ነገር የማየው እዚህ ላይ ነው። «ጥልቀት» ሲሉ የሩቁን መደብዘዝ አስበው ከሆነ ስሌቱ አይደግፍዎትም። ከጀርባ ያለው ነገር ምን ያህል እንደሚሟሟ በዋነኛነት የሚወስነው የቀዳዳው ስፋት ነው፤ 50 ሚሊሜትር ሲካፈል ለ1.8 ወደ 28 ሚሊሜትር ይመጣል፣ በዚያ ዓይነት ካሜራ ላይ በብዛት የሚገጠመው የ75 ሚሊሜትር ኤፍ 3.5 ሌንስ ግን ቢከፈት 21፣ ኤፍ 5.6 ላይ 13 ሚሊሜትር ነው። አብልጦ የሚያደበዝዘው የእርስዎ ሌንስ ነው። ጠፍጣፋ የሆነብዎትም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ከፊቱ ጀርባ የነበረው በርና ወንበር ወደ አንድ ወጥ ግራጫ ከሟሟ፣ ተመልካቹ ሰውዬው ከግድግዳው ምን ያህል እንደራቀ የሚገምትበት ምልክት አያገኝም፤ ከወረቀት ተቆርጦ መጋረጃ ላይ የተለጠፈ ፊት ይሆናል። ወንበሩ ለዝቦ፣ ነገር ግን ወንበርነቱ ሳይጠፋ ሲቀር ዓይን ከፊቱ ወደ ወንበሩ፣ ከወንበሩ ወደ ግድግዳው ይራመዳል። ጥልቀት የምንለው ይህን መራመድ ነው።

የመራመዱን ልስላሴ የሚወስን ሌላም ነገር አለ፤ ጃፓኖች ቦኬ ብለው በሰየሙት የብዥታ ጠባይ ውስጥ የሚካተት ነው። የዳር ጨረሮቹ ከመካከለኞቹ ቀድመው ወደ ሌንሱ ቀርበው በሚገናኙበት ሌንስ፣ ከፎከሱ ኋላ ያለ የመብራት ነጥብ መካከሉ ደምቆ ዳሩ እየሳሳ የሚሄድ ክብ ይሆናል፤ ክቦቹ እርስ በርስ ሲደራረቡ ያለ ስፌት ይዋሐዳሉ። ሠሪው ይህን ጉድለት ከልኩ በላይ ካረመው ግን ክቡ እንደ ቀለበት ዳሩ የደመቀ ይሆንና የቅጠሉ ጠርዝ፣ የሽቦው መስመር ሁሉ እጥፍ ሆኖ ዓይንን ይበጠብጣል። ሁለቱ ሌንሶች ፎከሱ ጠለል ላይ እኩል ጥርት ያሉ ሊሆኑ ይችላሉ። በመስመር ብዛት ብቻ ሌንስን የሚያወዳድር ሠንጠረዥ ይህን አያሳይም፤ እኔ ሌንስ ስመርጥ ሠንጠረዡን ትቼ ቅጠል ያለበት ጀርባ ላይ የተነሣ አንድ ኔጋቲቭ የምጠይቀው ለዚህ ነው።

የወዳጅዎ ካሜራ ትልቁ ብልጫ ግን ከሌንሱም አይደለም። ኔጋቲቩ 56 በ56 ሚሊሜትር ነው። ሁለታችሁም 20 ሴንቲሜትር ጎን ያለው ካሬ ብታትሙ የእሳቸው 3.6 ጊዜ፣ የእርስዎ ደግሞ 8.3 ጊዜ ይጎላል፤ የእርስዎ ሌንስ ያንኑ ዝርዝር ለመስጠት ከእሳቸው ሌንስ ከእጥፍ በላይ መለየት አለበት ማለት ነው። ይህን ለማየት አንድ ዓይነት ፊልም ከሁለቱም ካሜራ አትሞ ግንባሩን ብቻ ጎን ለጎን ማየት ይበቃል። በትንሹ ኔጋቲቭ ላይ ብርሃኑ ከግንባሩ መካከል ወደ ጆሮ ግንዱ ሲወርድ ግሬይኑ፣ ማለትም የፊልሙ ቅንጣት፣ ጣልቃ እየገባ እንደ ደረጃ ይቆራርጠዋል፤ በትልቁ ላይ ግን ጥላው ሳይቋረጥ ይንሸራተታል። ግንባር ክብ መሆኑን ለዓይን የሚነግረው ያ መንሸራተት ነው። ሌላም አለ፤ እሳቸው ደረታቸው ወይም ወገባቸው ላይ አድርገው ቁልቁል በሰፊ መስታወት ስለሚያዩ በማንኛውም የመስታወቱ ቦታ ፎከስ ያደርጋሉ፣ ዘወር ማድረግ አያስፈልጋቸውም፤ የሚዘልል መስታወትም ስለሌለው ካሜራው ሲጫኑት አይደነግጥም።

የፊት ቅርጽ ራሱ ከሌንስ ሳይሆን ከቆሙበት ቦታ ይመጣል። ከጆሮው በ12 ሴንቲሜትር የሚቀድም አፍንጫ ከግማሽ ሜትር ሲነሣ ከጆሮው አንጻር 24 በመቶ፣ ከ1.5 ሜትር 8 በመቶ፣ ከ3 ሜትር 4 በመቶ ገዝፎ ይታያል። ረጅም ሌንስ ፊትን «ያሳሳል» የሚባለው ረጅም ሌንስ የያዘ ሰው ርቆ ስለሚቆም ነው። ብርሃኑም እንዲሁ ነው፦ ከካሜራው አቅጣጫ የሚመጣ ብርሃን ጥላን ከፊቱ ጀርባ ይደብቃል፣ ከጎን የሚመጣው ግን በእያንዳንዱ እብጠትና ጉድጓድ ላይ ጥላ ይዘረጋል። ወደ ሩቅ መልክዓ ምድር ስንሄድ ጥልቀትን የሚሰጠው ጭጋጉ ራሱ ስለሆነ፣ በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ቀይ ፊልተር ገጥሞ የሩቁን ተራራ የሚያጠራ ሰው ተራራውን ወደ ፊት እየጎተተ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ስለ ፊልሙ አጠር አድርጌ ልናገር። ኮዳክ ለጥቁርና ነጭ ፊልሙ ለቲ-ማክስ 100 ያወጣው መረጃ ኮንትራስቱ 1000 ለ1 በሆነ የመፈተሻ ሰሌዳ ላይ በሚሊሜትር 200 መስመር፣ 1.6 ለ1 በሆነ ሰሌዳ ላይ ግን 63 መስመር ይላል። የሰው ቆዳ፣ ጨርቅና ቅጠል ለሁለተኛው ሰሌዳ ይቀርባሉ። የእርስዎ ሌንስ በዚህ ላይ ሊጨምርልዎ የሚችለው ነገር የተወሰነ ነው፤ ማጠቢያው ግን ለውጥ ያመጣል። በብዙ ውሃ የቀጠነ እንደ ሮዲናል ያለ ዴቨሎፐር በጥቂቱ ብቻ እየተነቀነቀ ሲሠራ፣ በብርሃንና በጥላ ወሰን ላይ ኬሚካሉ በአንዱ በኩል እየደከመ በሌላው በኩል እየበረታ ጠርዙን ያሰምረዋል፤ ግሬይኑ ግን አብሮ ይጎላል። ለፊት እኔ ይህን አልመርጥም።

ሌንስ ለመግዛት ከመወሰንዎ በፊት አንድ ፊልም ለዚህ ይመድቡ። የልብስ ሰፊ ሜትር ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ካሜራውን በትራይፖድ ላይ፣ ሜትሩን በ45 ዲግሪ ቁልቁል እንዲያይ አድርገው ከአንድ ሜትር ያህል ርቀት ያቁሙት። አፐርቸሩን ሙሉ በሙሉ ከፍተው በፍሬሙ መካከል በምትወድቅ አንዲት ቁጥር ላይ ፎከስ ያድርጉና፣ ቀለበቱን ሳይነኩ በኤፍ 1.8፣ በ2.8፣ በ4፣ በ5.6፣ በ8 እና በ16፣ የሹተሩን ፍጥነት እየለወጡ፣ በኬብል ወይም በሰዓት ቆጣሪ ያንሡ። ኔጋቲቩን ብርሃን ላይ አስቀምጠው አሥር እጥፍ በሚያጎላ ሉፕ ይመልከቱት። በጣም ጥርት ያለው ቁጥር በሁሉም ፍሬሞች ከመረጡት ቁጥር በአንድ በኩል ከሸሸ፣ የተዛነፈው የካሜራው መስታወት ወይም የመመልከቻው ገጽ ነውና ወደ ጠጋኝ ይውሰዱት። ኤፍ 1.8 ላይ ትክክል ሆኖ ሲዘጋ ወደ ኋላ የሚሸሽ ከሆነ የሌንሱ ጠባይ ነው፤ በኤፍ 2.8 እና በኤፍ 4 ፊት ሲያነሱ ከዓይኑ ጥቂት ወደ እርስዎ ቀርበው ፎከስ ያድርጉ። በሁሉም ላይ የመረጡት ቁጥር ጥርት ብሎ ከተገኘ ግን ሌንሱም ካሜራውም ደኅና ናቸው፤ ቀጣዩን ፊልም በኤፍ 4፣ ሰውዬውን ከግድግዳው ሁለት ሜትር ያህል አርቀው፣ መስኮቱን ወደ ጎኑ አድርገው፣ ካሜራውን ሳያዞሩ ያንሡበት።